ወዳጆቼ፣ ሕግ የሚለወጥበት መንገድ ገባኝ!

ይህን ነገር ለእናንተ ሳልነግር መቀመጥ አቃተኝ። ፍላቂት ላይ ቡና ከበን ወግ ስንጀምር፣ ስለ ሕግ ከተነሣ ሁልጊዜ የምንለው አንድ ነገር ነው፤ «ሕግ ከላይ ይወርዳል፣ እኛ እንቀበላለን»። ከወልድያ ወደ ወረታ በሚያልፈው መንገድ ዳር ተቀምጠን አዲስ አበባን ስናስባት በጣም የራቀች ትመስለናለች። እኔ ግን አሁን ሕግ በየት በኩል እንደሚገባ፣ በየት በኩል እንደሚቃና አይቻለሁ። በሩ አንድ ብቻ አይደለም፤ ቁልፉም በጥቂት ሰዎች እጅ ብቻ ያለ አይደለም። ጉዳዩን ከሥሩ ላስረዳችሁ። ምንም ማወቅ አያስፈልጋችሁም፤ ትንሽ ትዕግሥት ብቻ ስጡኝ።

የጀመርኩት ከአንድ እንቆቅልሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ የፋይናንሺያል ፕላኒንግ አሶሲዬሽን የሚባል የገንዘብ አማካሪዎች የሙያ ማህበር መንግሥትን ከሶ ረታ። የከሰሰው የአክሲዮን ገበያን የሚቆጣጠረውን መሥሪያ ቤት ነው። ክሱ ምን መሰላችሁ? «ደንቡ ጠበቀብን» አይደለም። «ደንቡ ላልቷል፣ አጥብቁት» ነው! ሰው የራሱ ሙያ ላይ ልጓሙ ይጥበቅ ብሎ ፍርድ ቤት ይቆማል? እንዴት ነው ነገሩ? ይህችን ጥያቄ ስከተላት ነው ሁሉም የተገለጠልኝ።

በመጀመሪያ የገንዘብ አማካሪ ማን እንደሆነ እንይ። ገንዘባችንን የት ብናስቀምጠው፣ ምን ብንገዛበት፣ ለእርጅና እንዴት ብናቆየው እንደሚሻል የሚመክረን ሰው ነው። በእኛ አካባቢ ስለ ብድርና ቁጠባ የሚያወራን የአብቁተ ሠራተኛ ነበር፤ አብቁተም ዛሬ ጸደይ ባንክ ሆኗል። አሁን ግን ጥያቄው ሰፍቷል። ጥቅምት 2017 ላይ ኢትዮ ቴሌኮም ከድርሻው 10 በመቶውን ለሕዝብ ሽያጭ አቀረበ። አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን። አባዙት፤ 9,900 ብር ይመጣል። ሽያጩም በቴሌብር ነበር፤ ፍላቂት ላይ የተቀመጠ ሰው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ የአንድ ትልቅ ኩባንያ ባለድርሻ መሆን ይችል ነበር! በመጨረሻ 47,377 ሰዎች ገዙ። ጥር 2 ቀን 2017 ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በይፋ ሥራ ጀመረ።

እንግዲህ አንድ ገበሬ 9,900 ብር ይዞ «አክሲዮን ልግዛ ወይስ በጎች ልጨምር?» ብሎ ቢጠይቅ ማን ይመልስለታል? በጉን ያውቀዋል፤ ጥርሱን አይቶ ዕድሜውን፣ ወገቡን ዳስሶ ሥጋውን ይገምታል። አክሲዮን ግን አይዳሰስም። ስለዚህ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ይህን አይቶ የኢንቨስትመንት አማካሪነትን ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ አደረገው። ማንም ተነሥቶ «እኔ አማካሪ ነኝ» ብሎ ጠረጴዛ መዘርጋት አይችልም ማለት ነው። ፈቃዱን የሚሰጠውም፣ የሚነጥቀውም የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እየተጠጋን ነው። አማካሪው ራሱ የሚበላው ከየት ነው?

እንበል 60,000 ብር ይዛችሁ ወደ አንድ አማካሪ ሄዳችሁ። ገንዘቡን የምታስቀምጡባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። ከመጀመሪያው ባለቤት አማካሪው ከመቶ 1 ብር ኮሚሽን ያገኛል፤ ከሁለተኛው ከመቶ 5። የመጀመሪያውን ቢመክራችሁ 600 ብር፣ ሁለተኛውን ቢመክራችሁ 3,000 ብር ኪሱ ይገባል። ለእናንተ የሚሻለው የመጀመሪያው ቢሆንስ? ሰውየው ክፉ መሆን አያስፈልገውም፤ 2,400 ብሩ ራሱ ምላሱን ወደ ሁለተኛው ያዘነብለዋል። አያችሁ? ችግሩ የሰውየው ጠባይ ብቻ አይደለም፤ የአከፋፈሉ ሥርዓት ነው። ሥርዓትን የሚያቃና ደግሞ ሕግ ነው።

ሕጉ ታዲያ ሁለት ዓይነት ሆኖ ሊጻፍ ይችላል። እባካችሁ እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። አንደኛው አጻጻፍ፦ «አማካሪው ለደንበኛው የሚስማማ ነገር ይምከር።» ሁለተኛው አጻጻፍ፦ «አማካሪው ከራሱ ጥቅም የደንበኛውን ጥቅም ያስቀድም።» ሲሰሙት አንድ ይመስላል፤ ተመሳሳይ ግን አይደለም! ባለ 5 ከመቶው መንገድ ለእናንተ «የሚስማማ» ሊሆን ይችላል፤ የተሻለው ግን አይደለም። በአንደኛው ሕግ አማካሪው 3,000 ብሩን ይዞ በሰላም ቤቱ ይገባል። በሁለተኛው ሕግ ይጠየቃል። የሁለት መስመር ልዩነት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎችን የእርጅና ገንዘብ ይወስናል። ይህን ሳይ ነው «እንዴ!» ያልኩት። ትልቁ ፖለቲካ የተደበቀው እንዲህ ባለች አንዲት ዐረፍተ ነገር ውስጥ ነው።

ወደ እንቆቅልሹ እንመለስ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1940 የወጣ ሕግ አማካሪዎችን በጠባቂነት ግዴታ ያስራል። አክሲዮን የሚያሻሽጥ ደላላ ግን ምክሩ ከሥራው ጋር የተያያዘ እግረ መንገድ ከሆነ፣ ለምክሩም ለብቻው ካላስከፈለ ከሕጉ ነፃ ነው። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ2005 ለምክር የሚያስከፍሉ ደላሎችም ነፃ እንዲሆኑ ደንብ አወጣ። ማህበሩ ተነሣ። «እኛ በግዴታ ታስረን፣ እነሱ ያው ሥራ እየሠሩ ልቅ ከሆኑ ሕዝቡ በምን ይለየናል? የሙያው ስም ይጠፋል» አለ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱም መሥሪያ ቤቱ ሥልጣኑን አልፏል ብሎ ደንቡን ሻረው።

ገባችሁ? ማህበሩ ጥብቅ ሕግ የፈለገው ጻድቅ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የሙያ ትልቁ ሀብት መታመን ነው። አንዱ ሲያጭበረብር የሌላውም ስም ይጎድፋል። ስለዚህ ሐቀኛውን ባለሙያ ጥብቅ ሕግ ይጠቅመዋል! የሕዝቡ ጥቅምና የባለሙያው ጥቅም እዚህ ላይ ተገናኙ። በጣም ደስ የሚል ነገር አይደለም?

አሁን «እሺ፣ ማህበር ሕግ እንዴት ያስለውጣል?» ትሉኛላችሁ። ይህንን ለቀብር በምንረዳዳበት በቅሬያችን ላስረዳችሁ፤ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

የቅሬው ደንብ «ቀብር ላይ ያልተገኘ አባል ይቀጣል» ይላል እንበል። ደንቡ ጥሩ ነው፤ ቅሬው የቆመው በመገኘት ነው። ነገር ግን አራስ የሆነች ሴት ተቀጣች። ልጁን ይዞ ወልድያ ሆስፒታል የሄደ አባትም ተቀጣ። ምን ይደረግ? አንደኛው መንገድ ስብሰባው መሀል ተነሥቶ «ይህ ግፍ ነው!» ብሎ መጮኽ ነው። ሰው ያጉረመርማል፣ ዳኛው «ለሌላ ጊዜ ይታያል» ይላል፣ ቡና ይጠጣል፣ ይበተናል። ደንቡም እንዳለ ይቀጥላል።

ሁለተኛው መንገድ እንዲህ ነው። የተጎዱት አምስት ሰዎች ከስብሰባው በፊት ይገናኛሉ። ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደተቀጣ ይመዘግባሉ። ከዚያ ተቀምጠው አንዲት ሐረግ ይጽፋሉ፤ «በወሊድ፣ በሕመም ወይም በሕክምና ጉዞ ካልሆነ በቀር»። ሐረጓን ይዘው ወደ ዳኛውና ወደ ጸሐፊው ይሄዳሉ፤ አጀንዳ ያስይዛሉ። የሚቃወሙትን ሽማግሌ ቤታቸው ድረስ ሄደው «አባባ፣ ሰው ሁሉ አመመኝ እያለ ይቀራል ብለው እንደሆነ፣ ምስክር ያምጣ እንበል» ይሏቸዋል። ሽማግሌውም «እንዲያ ከሆነ እሺ» ይላሉ። ስብሰባው ቀን ጩኸት የለም። ሐረጓ ትነበባለች፣ እጅ ይወጣል፣ አለቀ!

አሁን በአምስቱ ሰዎች ቦታ የሙያ ማህበሩን አስገቡ። በቅሬው ቦታ ፓርላማውን። በዳኛውና በጸሐፊው ቦታ የፓርላማውን ቋሚ ኮሚቴ። በሽማግሌው ቦታ የሚቃወመውን መሥሪያ ቤት ወይም ኩባንያ። ሥራው ሙሉ በሙሉ ያው ነው! ጉዳቱን መዝግብ፣ የሚተካውን ሐረግ ራስህ ጻፍ፣ አጀንዳ የሚይዘውን ሰው ፈልግ፣ የሚቃወመውን ስጋቱን ሰምተህ መልስለት። የአሜሪካ የአማካሪዎች ማህበራት አባሎቻቸውን ዋሽንግተን ድረስ ይዘው የሚሄዱት ለዚሁ ነው። 535 የምክር ቤት አባላት አሉ፤ እያንዳንዱ አማካሪ ግን የሚሄደው የራሱን አገር ሰው ወደሚወክለው እንደራሴ ነው። እንደራሴው የሚያዳምጠው ማንን ነው? የሚመርጠውን ሰው!

በእኛ አገርስ? ይህን ስከተል ነው ደስታዬ የበዛው፤ መንገዱ ተጽፎ የተቀመጠ ነውና። ደረጃ በደረጃ እንውጣው።

አዋጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚወለደው አንድ ሚኒስቴር ወይም ባለሥልጣን ውስጥ ነው። ረቂቁ ይጻፋል፤ ወደ ሚኒስትሮች ምክር ቤት ይሄዳል፤ እዚያ ሲጸድቅ ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይመራል። ምክር ቤቱ 547 መቀመጫ አለው። እዚያ መጀመሪያ ይነበብና ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል፤ የገንዘብ ጉዳይ ከሆነ ለፕላን፣ በጀትና ፋይናንስ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ። ኮሚቴው ባለሙያዎችንና ባለድርሻዎችን ጠርቶ ያወያያል፤ ያርማል፤ ሪፖርትና የውሳኔ ሐሳብ ይዞ ይመለሳል። ከዚያ ምክር ቤቱ ድምፅ ይሰጣል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 57 ላይ እንደሚለው ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ይፈርማል፤ ባይፈርምም ሕጉ ሥራ ላይ ይውላል። በመጨረሻ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል። በጋዜጣው ላይ በአማርኛና በእንግሊዝኛው መካከል ልዩነት ቢኖር የሚጸናው አማርኛው ነው። ስለዚህ እኛ የምናነበው ጽሑፍ ራሱ ሕጉ ነው፤ አስተርጓሚ መጠበቅ የለብንም።

አሁን ልብ በሉ። ሁላችን በቴሌቪዥን የምናየው የመጨረሻዋን ደቂቃ፣ እጅ ሲወጣ ነው። ያኔ ግን ነገሩ አልቋል! ሐረግ የምትለወጠው ረቂቁ ሚኒስቴር ውስጥ ሳለና ቋሚ ኮሚቴው ዘንድ ሳለ ነው። የቅሬውን አምስት ሰዎች አስታውሱ፤ እነሱ የሠሩት ከስብሰባው በፊት ነው። ይህ ነገር ሲገባኝ አንድ ትልቅ መጋረጃ ተገለጠልኝ። ተቃውሞ አዋጁ ከወጣ በኋላ ሲመጣ የሚደክመው ለካ ጊዜው አልፎበት ነው!

ቆይ፣ ገና አልጨረስኩም። ሌላ በር አለ፤ ብዙ ሰው የማያየው። ከአዋጅ በታች መመሪያ አለ። አዋጁ «አማካሪ ፈቃድ ያውጣ» ይላል፤ ምን ያህል ትምህርት፣ ምን ዓይነት ፈተና፣ የጥቅም ግጭት ሲኖር ለደንበኛው እንዴት ይገለጽ የሚለውን ዝርዝር የሚይዘው መመሪያው ነው። ቅድም ያነሣናት የ2,400 ብር ልዩነት የምትወሰነው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ደግሞ መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ሲያረቅቁ ለሕዝብ እንዲያሳውቁና አስተያየት እንዲቀበሉ ያስገድዳል። ፍትሕ ሚኒስቴር ዘንድ ያልተመዘገበ መመሪያም ተፈጻሚ አይሆንም። አጃኢብ ነው! አስተያየት መስጠት የሚፈቀድልን በደግነት ሳይሆን በሕግ ነው።

«ይህ ሁሉ በወረቀት ነው፤ በእኛ አገር ሠርቶ ያውቃል ወይ?» የሚል ሰው ከመካከላችሁ እንደሚኖር አውቃለሁ። ሠርቷል! የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበርን ታሪክ ስሙ።

በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርገው ነበር። ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ፣ ወንድ በ18 ዓመቱ ማግባት ይችሉ ነበር። የጋራ ንብረትንም፣ ከሚስቲቱ የራሷ ገቢ በስተቀር፣ የሚያስተዳድረው ባል ነበር። አስቡት፤ አብረው አርሰው፣ አብረው አርብተው፣ ገንዘቡ ላይ አንዱ ብቻ ያዛል። እንግዲህ ይህ የቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የገንዘብ ሕግ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሴቶች ከወንዶች እኩል መሆናቸውን ሲደነግግ አሮጌው ሕግ ከአዲሱ ጋር ተጋጨ። መጋጨቱን ሁሉም ያውቃል፤ ግን ማን ያቃናው?

መዓዛ አሸናፊና ሌሎች ሴት ሕግ ባለሙያዎች በ1980ዎቹ መጨረሻ ማህበሩን አቋቋሙ። የሠሩትን እዩ። የተጎዱ ሴቶችን ተቀብለው በነፃ ይረዱ ነበር፤ ስለዚህ ጉዳቱ በእጃቸው ተመዝግቧል። ከዚያ አሮጌውን ሕግ አንቀጽ በአንቀጽ እየፈተሹ የትኛው ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደሚጋጭ አጠኑ። ውይይት አዘጋጁ፣ በመገናኛ ብዙኃን ተከራከሩ። ሰኔ 27 ቀን 1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ወጣ። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ። የጋራ ንብረት የሚተዳደረው በሁለቱ ሆነ። ይህን ለውጥ ብዙዎች ለፍተውበታል፤ የማህበሩ ድርሻ ግን ከፊት የሚጠራ ነው። የፌዴራሉ ሕግ በቀጥታ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ስለነበር ክልሎች የየራሳቸውን አወጡ፤ የእኛው አማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። እንግዲህ እዚህ በወረዳችን በመቄት ሚስት የጋራ ንብረቷን ከባሏ እኩል የምታስተዳድርበት ሕግ አዲስ አበባ ላይ ጥቂት ባለሙያዎች አንቀጽ ከፍተው ካነበቡበት ጠረጴዛ ጋር በቀጭን ክር ተያይዟል። ይህን ሳስብ ሰውነቴን ይወረኛል።

ታሪኩ ግን ሁሌ ቀጥ ብሎ አልሄደም። በ2001 የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማህበር በሰብዓዊ መብትና በጾታ እኩልነት ጉዳዮች ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። የአገር ውስጥ ገንዘብ ደግሞ ለዚህ ሥራ በቀላሉ አይገኝም። ብዙ ማህበራት ተዳከሙ፤ የሴት ሕግ ባለሙያዎቹ ማህበርም አንዱ ነበር። በሩ ለ10 ዓመት ገደማ ጠበበ። ከዚያ በ2011 አዋጅ ቁጥር 1113 መጥቶ አሮጌውን ሻረ። አዲሱ ሕግ አንድ ማህበር ከሚሠራበት መስክ ጋር የተያያዙ ሕጎችና ፖሊሲዎች እንዲሻሻሉ ሐሳብ ማቅረብ እንደሚችል በግልጽ ይናገራል። ይህን አዋጅ ያረቀቁትስ እነማን ናቸው? የሕግና ፍትሕ ጉዳዮች አማካሪ ምክር ቤት በሚባለው ስብስብ ሥር የተሰባሰቡ፣ በበጎ ፈቃድ የሠሩ ባለሙያዎች! ባለሙያዎች የባለሙያዎችን በር ራሳቸው ከፈቱት።

አሁን ደግሞ ጥንቃቄ የሚፈልገውን ክፍል ልንገራችሁ፤ ይህን ካልነገርኳችሁ ግማሹን ደብቄአችኋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር ስለ ጡረታ ቁጠባ የሚመክር ሰው ሁሉ የደንበኛውን ጥቅም ያስቀድም የሚል ደንብ አወጣ። ያች ሁለተኛዋ ዐረፍተ ነገራችን ናት! ታዲያ ምን ሆነ? እ.ኤ.አ. በ2007 ሲረታ ያየነው ማህበር ደንቡን ደገፈ። እ.ኤ.አ. በ1890 የተመሠረተው፣ ዛሬ ናይፋ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው የኢንሹራንስና የገንዘብ አማካሪዎች ማህበር ግን ከሌሎች ጋር ሆኖ ከሰሰ። «ደንቡ ወጪ ያበዛል፤ ትንሽ ገንዘብ ያለው ሰው አማካሪ ያጣል» አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ፍርድ ቤት ደንቡን ሻረው። ወይ ጉድ! አንድ ዓይነት ሥራ፣ ሁለት ማህበር፣ ፊትና ጀርባ።

ለምን? አባሎቻቸው የሚከፈሉበት መንገድ አንድ ስላልሆነ ነው። አንዱ ዘንድ ብዙዎቹ ከደንበኛው በቀጥታ ያስከፍላሉ፤ ሌላው ዘንድ ብዙዎቹ ከኢንሹራንስ ሽያጭ ኮሚሽን ያገኛሉ። ክርክራቸው ውስጥ እውነት የለም አላልኩም፤ ትንሽ ቆጣቢ አማካሪ ሊያጣ ይችላል የሚለው ስጋት እውነተኛ ስጋት ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ አማካሪዎች በአዲስ ሽያጭ ላይ ከኩባንያ የሚቀበሉትን ኮሚሽን ስትከለክል እዚያም ይኸው ክርክር ተነሥቶ ነበር። ነገር ግን አንድ ማህበር ሕግ ይለወጥ ሲል የምንጠይቀው ጥያቄ አሁን በእጃችን ነው፤ «አባሎችህ የሚበሉት ከየት ነው?» ይህን ከጠየቅን በኋላ ክርክሩን ብንሰማ የተደበቀው ሁሉ ይታየናል። አሜሪካኖችም ለዚሁ ብለው እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት ሕግ፣ ለክፍያ እንደራሴ የሚያግባባ ሰው እንዲመዘገብና ወጪውን እንዲያሳውቅ አስገድደዋል። ማግባባት አልተከለከለም፤ በጨለማ ማግባባት ግን ተከልክሏል።

በእኛ አገር የኢንቨስትመንት አማካሪነት ገና አዲስ ሙያ ነው። ጠበቆችን ብታዩ፣ አዋጅ ቁጥር 1249/2013 የፌዴራል ጠበቆች ማህበርን በሕግ አቋቁሞላቸዋል። የገንዘብ አማካሪዎችም ነገ ተደራጅተው የቋሚ ኮሚቴን በር ማንኳኳታቸው አይቀርም። ያን ቀን የሚጠይቁት የትኛዋን ዐረፍተ ነገር ይሆን? «የሚስማማውን» ወይስ «የደንበኛውን ጥቅም ማስቀደም»? የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው። ገንዘቡን በላቡ ያገኘ፣ አክሲዮንን በእጁ ዳስሶ መለየት የማይችል ሰው ለሚበዛበት አገር ሁለተኛዋ ናት የምትገባው። ሙያው ገና ሳይጠነክር፣ ኮሚሽኑም ልማድ ሳይሆን አሁን መጻፍ ይቀላል፤ የሰው እንጀራ ከተመሠረተበት በኋላ ማቃናት እንዴት እንደሚከብድ ከአሜሪካኖቹ አይተናል።

እኛስ ምን እናድርግ? መምህራን አላችሁ፣ ነርሶች አላችሁ፣ የሒሳብ ሠራተኞች አላችሁ፤ ሁላችሁም የሙያ ማህበር አላችሁ ወይም ሊኖራችሁ ይችላል። በክልል ደረጃ ባሕር ዳር ያለው ምክር ቤት የራሱን አዋጆች በዝክረ ሕግ ጋዜጣ ያትማል፤ እሱም ያው ረቂቅ አለው፣ ኮሚቴ አለው፣ ከዚህ የሄደ ተወካይ አለው። ስለዚህ የሚነካችሁ ረቂቅ ሲወጣ ሙሉውን መፍራት አያስፈልግም። አንድ አንቀጽ ምረጡ። ማንን እንደሚጎዳ በቀንና በጉዳይ ጻፉ። የሚተካውን ሐረግ ራሳችሁ አርቅቁ። የሚቃወመው ሰው ምን እንደሚሰጋ ጠይቁና መልሱለት። ከዚያ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ለተወካያችሁና ለኮሚቴው አድርሱ። ሐረግ ማርቀቁ ከከበዳችሁ ጥሩኝ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ እመጣለሁ፣ አብረን እንጽፈዋለን።